ክሪፕቶ ከዋጋው ውጪ ይጠቅማል? በወረቀትና በእስክሪብቶ የምፈትንበት መንገድ

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ደረሰኝ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የወንድሜ ልጅ ስልኩን እያሳየኝ፣ «አክስቴ፣ ይሄ ክሪፕቶ ገዝቶ ዋጋው እስኪወጣ ከመጠበቅ ሌላ ምን ይሠራል?» አለኝ። (ክሪፕቶ ማለት እንደ ቢትኮይን ያለ፣ በኢንተርኔት የሚንቀሳቀስ ዲጂታል ገንዘብ ነው።) መልስ አልነበረኝም። «ቆይ ላጣራልህ» አልኩት። ማጣራቱ ወራት ፈጀብኝ።

ይጠቅማል። ግን የሚጠቅምበት ቦታ ከሚወራው በጣም ይጠባል። የትኛው ወሬ ፍሬ እንዳለው ለመለየት እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የሰማችሁትን ጥቅም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ማን፣ ለማን፣ ምን ያደርጋል? «ቢትኮይን የነገው ገንዘብ ነው» አይሆንም፤ ሰው የለበትም። «እህቴ ሌላ አገር ላለ ድርጅት የሠራችበትን ክፍያ ትቀበላለች» ይሆናል። አሁን ስለ ዋጋ መውጣት የሚያወራ ቃል ካለ ሰርዙት። ሰርዛችሁ ምንም ካልተረፈ ወረቀቱን ጣሉት። ከተረፈ ደግሞ ይቺን ጠይቁ፦ ዋጋው ለአሥር ዓመት ባለበት ቢቆም ይህ ሰው ይጠቀምበት ነበር?

«ገንዘብ ማስቀመጥስ ጥቅም አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነው እንጂ። የአገሩ ገንዘብ በየወሩ እየረከሰ ላስቸገረው ሰው፣ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ፣ ስቴብልኮይን የሚባል ክሪፕቶ መያዝ ጥቅም አለው። ቢትኮይን ግን በ2022 ብቻ ከዋጋው ከ60 በመቶ በላይ አጥቷል። የቤት ኪራይ ገንዘብ እዚያ አይቀመጥም።

ቀጥሎ፣ መሀል ላይ ማን እንደቆመ ጻፉ። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም በ2008 የወጣችው፣ ቢትኮይንን ያስተዋወቀችው ዘጠኝ ገጽ ጽሑፍ ሐሳቧ አንድ ነው፦ ባንክ መሀል ሳይገባ ገንዘብ ከሰው ወደ ሰው ይላክ። ስለዚህ ጥቅሙ የሚጀምረው መሀል ላይ ያለው አካል ችግር ከሆነበት ቦታ ነው። ባንካችሁ በደቂቃ፣ በትንሽ ክፍያ የሚያደርስላችሁ ከሆነ ክሪፕቶ ምንም አይጨምርላችሁም። ባንኩ ሲዘጋ፣ አካውንት ሲከለከል፣ ድንበር ሲያስቸግር ነው ነገሩ የሚለወጠው።

ሁለት ምሳሌ ጎን ለጎን ልያዝ። ዩክሬን በፌብሩዋሪ 2022 ጦርነት ሲገጥማት መንግሥቷ በቀናት ውስጥ የዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) አድራሻ በይፋ አውጥቶ ከመላው ዓለም እርዳታ ተቀበለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት እዚያው አገር ለተፈናቀሉ ሰዎች ዩኤስዲሲ የሚባለውን ስቴብልኮይን በስልክ መላክ ጀመረ፤ ሰዎቹ መኒግራም ወደሚባለው የሐዋላ ድርጅት ቅርንጫፍ ሄደው በጥሬ ገንዘብ ይቀበላሉ። ከቤቱ ሸሽቶ የባንክ ካርዱ የት እንዳለ ለማያውቅ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ኤልሳልቫዶር ደግሞ በሴፕቴምበር 2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ ገንዘብ አደረገች። የመንግሥቱን ዋሌት ላወረደ ሰው ሁሉ የ30 ዶላር ቢትኮይን ተሰጠው። ብዙዎቹ ስጦታቸውን አጠፉና ዋሌቱን ረሱት። በ2025 መጀመሪያ ሕጉ ተሻሽሎ ነጋዴው ቢትኮይን የመቀበል ግዴታው ቀረ። ሰው ኪሱ ውስጥ ዶላር ነበረው፤ ዶላሩም ይሠራል። ያልታመመን መድኃኒት ውሰድ ማለት አስቸጋሪ ነው።

አሁን ወደምወደው እንምጣ፦ ወጪ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። «መላኪያው እዚህ ግባ አይባልም» ሲሏችሁ የሚያወሩት ስለ መሀሉ መንገድ ብቻ ነው። እናንተ ግን ከኪስ እስከ ኪስ ቁጠሩ። እኔ ሌላ አገር ላለችው እህቴ 50 ዶላር በዩኤስዲቲ (ሌላው ከዶላር ጋር የታሰረ ስቴብልኮይን ነው) ልኬ ሞክሬዋለሁ። ወረቀቴ ላይ አምስት መስመር አሰመርኩ፦ ስገዛ የከፈልኩት ልዩነት፣ ከኤክስቼንጁ (ክሪፕቶ ከሚገዛበትና ከሚሸጥበት መድረክ) ሳወጣ የተቆረጠብኝ፣ የኔትወርክ ክፍያ፣ እሷ ስትመነዝር የቀረባት፣ የፈጀብን ሰዓት።

መጀመሪያ ኔትወርክ መምረጥ አለ። ዩኤስዲቲ አንድ ስም ይዞ ብዙ ኔትወርክ ላይ ይኖራል፤ ኔትወርክ ማለት ገንዘቡ የሚመዘገብበትና የሚተላለፍበት መስመር ነው። ትሮን በሚባለው ኔትወርክ ላይ ያለ አድራሻ በላቲኑ «ቲ» ፊደል ይጀምራል፣ ኢቴሪየም በሚባለው ላይ ያለው ደግሞ በ«ዜሮ ኤክስ»። ላኪም ተቀባይም አንድ ኔትወርክ ላይ ካልሆኑ ገንዘቡ ሊጠፋ ይችላል። አድራሻውን ኮፒ አድርጌ ከለጠፍኩ በኋላ እህቴን በስልክ ይዤ ፊደል በፊደል አነበብንው። መጀመሪያና መጨረሻውን ብቻ አይታችሁ እንዳትልኩ፤ አጭበርባሪዎች ጫፍና ጫፉ የሚመሳሰል አድራሻ ሠርተው የላካችሁበት ዝርዝር ውስጥ ይደባልቁላችኋል።

ላክሁ። በደቂቃዎች ደረሰ። እህቴ ደስ አላት፣ ለመመንዘር ወደ ሌላ አድራሻ ልታዛውረው ስትል ግን እምቢ አላት። ገንዘቡ ፊቷ ቁጭ ብሏል፣ አይነቃነቅም። ለካ ትሮን ላይ ዩኤስዲቲ ለማንቀሳቀስ የኔትወርኩን ክፍያ የሚሸፍን ሌላ ሳንቲም፣ ቲአርኤክስ፣ ዋሌታችሁ ውስጥ መኖር አለበት። እሷ ጋ ቤሳ አልነበረም። እኔ እንደገና ገብቼ ገዝቼ ላክሁላት። ማምሻችን በዚህ አለቀ።

መጨረሻ ላይ እጇ የገባው 46 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር። 3 ዶላር ከ60 ማለት 7 ነጥብ 2 በመቶ ነው። ከዚህ ውስጥ ትልቁን የበላው ምንዛሬው ነው። እንግዲህ አመዛዝኑት፦ የዓለም ባንክ በሚከታተለው መሠረት 200 ዶላር በሐዋላ ወደ ሌላ አገር መላክ በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ያስከፍላል። የተባበሩት መንግሥታት ዓላማ በ2030 ከ3 በመቶ በታች ማድረግ ነው። የእኔ ሙከራ በዚህ መለኪያ ወደቀ። ገንዘቡ አነስተኛ ስለነበር ቋሚ ክፍያዎቹ ጎድተውታል፤ በ200 ዶላር ስደግመው ተሻለ። የእናንተን ቁጥር ራሳችሁ አውጡ፣ የእኔን አትውሰዱ። የምትኖሩበት አገር ሕግ የሚከለክል ከሆነ ግን ጭራሽ አትሞክሩት።

ከወጪው ቀጥሎ «ቢበላሽ ማን ይመልሳል?» ብላችሁ ጻፉ። በተሳሳተ አድራሻ የላካችሁትን የሚመልስ የለም። ዋሌቱን መልሶ ለመክፈት የሚያገለግሉት 12 ወይም 24 መመለሻ ቃላት ከጠፉባችሁ ገንዘቡም ሄደ። ወረቀት ላይ ጻፏቸው፣ ፎቶ አታንሷቸው፣ ለማንም አትንገሩ። ኤክስቼንጅ ላይ ትቼው ብሄድስ ካላችሁ፣ ኤምቲ ጎክስ በ2014፣ ኤፍቲኤክስ በ2022 የሰው ገንዘብ እንደያዙ ከስረዋል። ስቴብልኮይንም ሁሉ አንድ አይደለም። ዩኤስቲ የሚባለው በሜይ 2022 ከዶላር ጋር የታሰረበት ገመድ ተበጥሶ አልቆለታል። ዩኤስዲሲ በማርች 2023 ከመጠባበቂያው 3 ነጥብ 3 ቢሊዮን ዶላር ያስቀመጠበት ባንክ ሲወድቅ ከ90 ሳንቲም በታች ወርዶ በቀናት ውስጥ ተመልሷል። ደግሞም የዩኤስዲቲና የዩኤስዲሲ አውጪ ድርጅቶች አንድን አድራሻ ማገድ ይችላሉ። መሀል ላይ ያለውን አካል አስወጣን ብለን ሌላ አስገብተናል ማለት ነው። ይሄን እያወቁ መጠቀም ይቻላል፤ ሳያውቁ ግን አይሆንም።

አንድ ሳንቲም ሳትገዙ የምትሞክሩት ጥቅምም አለ፤ እኔ አሁንም የምሠራበት እሱን ነው። የአንድ ሰነድ የጣት አሻራ ቢትኮይን ላይ ማሳረፍ። አሻራ የምለው ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ ፋይሉ በትንሹ ቢለወጥ የሚለወጥ አጭር ኮድ ነው። ኦፕንታይምስታምፕስ የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፋይሉን ስትሰጡት የፋይሉን አሻራ ብቻ ወስዶ፣ ከሌሎች ጋር ጠቅልሎ፣ ቢትኮይን መዝገብ ውስጥ ያሰፍረዋል። ሰነዱ ራሱ ከኮምፒውተራችሁ አይወጣም። ለእናንተ ትንሽ የማስረጃ ፋይል ይሰጣችኋል። መዝገቡ እስኪያጸድቀው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ጠብቁ።

እኔ የዓመት መዝጊያ ሂሳብ እንዲህ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ለሙከራ ብዬ አንድ ነጥብ ብቻ ጨምሬ መልሼ ፈተንኩት፤ «አይመሳሰልም» አለኝ። ማንም፣ እኔም ጭምር፣ በኋላ ተመልሼ ቁጥር ልለውጥ ብል ይታወቃል። የመጀመሪያው የቢትኮይን ብሎክ (የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ እንደማለት ነው) ራሱ የጃንዋሪ 3 ቀን 2009 የጋዜጣ ርዕስ ተጽፎበታል፤ ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተሠራ ማሳያ ነው። የእኔ ደግሞ በግልባጩ፣ ሰነዱ አሻራው መዝገቡ ላይ ከሰፈረበት ቀን በፊት እንደነበረ ያሳያል። የተጻፈው እውነት መሆኑን ግን አያሳይም። የውሸት ሂሳብ ብታሳርፉበት ቀን ያለው የውሸት ሂሳብ ይሆናል።

ስትሞክሩት አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ፋይሉን ከፍታችሁ እንደገና «ሴቭ» ካላችሁት፣ ምንም ሳትነኩ እንኳ አሻራው ሊለወጥ ይችላል። መጀመሪያ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡት፣ ከዚያ አሳርፉት፣ ዋናውንና የማስረጃውን ፋይል አንድ ላይ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። የወንድሜ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን እንዲህ አድርጎ አንዱን ኮፒ እኔ ጋ አስቀምጧል።