ጫጫታ ውስጥ ቃል ሲጠፋ፦ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ በነርቭ ማነቃቂያ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ቁስሉ ይድናል፣ ራስ ምታቱም ቀለል ይልለታል። አንድ ነገር ግን አልለቀው ይላል። ለሁለት ሲያወሩ ሁሉ ሰላም ነው። አምስት ሰው ሲሰበሰብ፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት፣ ማንኪያና ሳህን መንኳኳት ሲጀምር ግን ወሬው ያመልጠዋል። ድምፁ ይሰማዋል፤ ቃሉ አይያዝለትም። ሌሎቹ ሲስቁ አብሮ ይስቃል፤ በምን እንደተሳቀ ግን አያውቅም። ከዚያ ደክሞት ቀድሞ ይነሳል።

ቬገስ የሚባለውን ነርቭ በትንሽ ኤሌክትሪክ ማነቃቃት ለዚህ ችግር ሊረዳ ይችላል የሚል ተስፋ አለ። ነገሩ ገና በምርምር ላይ ነው። ተስፋው መሠረት አለው ብዬ አምናለሁ፤ በስህተት ሲባክን የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ጆሮህ ጤነኛ ነው» ሲባል ነገሩን እዚያው መዝጋት ነው። የተለመደውን የመስማት ምርመራ አስቡት። ጸጥ ያለች ትንሽ ክፍል ትገባላችሁ፣ ማዳመጫ ታደርጋላችሁ፣ «ቲት» ሲል ቁልፍ ትጫናላችሁ። ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ፣ ከ250 እስከ 8000 ሄርትዝ ባሉት ድምፆች ጆሯችሁ የሚይዘው ዝቅተኛው ድምፅ ይለካል። በቃ። ከአምስት ሰው ወሬ የአንዱን ለይታችሁ መስማት ትችሉ እንደሆነ ማንም አይጠይቃችሁም። ያንን የመለየት ሥራ የሚሠራው አንጎል ነው፤ የተጎዳውም እሱ ነው። በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲዋ ኒና ክራውስና ባልደረቦቿ ልጆችን «ዳ» የሚል ድምፅ እያሰሙ የአንጎላቸውን ምላሽ ለኩ። ከዚያ ልኬት ብቻ ጭንቅላታቸውን ከተመቱት 20 ልጆች 18ቱን መለየት ቻሉ። ስለዚህ ሐኪማችሁን «ጫጫታ ውስጥ ንግግር የመስማት ምርመራ ይደረግልኝ» በሉት። እዚያ ከበስተጀርባ ሁካታው እየጨመረ ዓረፍተ ነገር ትደግማላችሁ። ችግራችሁ ቁጥር የሚያገኘው ያኔ ነው።

ማነቃቂያውን እንደ መስሚያ መሣሪያ የሚያዩም አሉ። ድምፅ የሚያጎላ ይመስላቸዋል። አያጎላም። ቬገስ ከአንጎል ግንድ ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ፣ ሳንባና ሆድ የሚወርድ ረጅም ነርቭ ነው። አንዲት ትንሽ ቅርንጫፉ ወደ ውጭኛው ጆሮ ትመጣለች። ቆዳ ሳይቀደድ በጆሮ ላይ በሚደረግ መቆንጠጫ ማነቃቃት የሚቻለው በእሷ ምክንያት ነው። ነርቩ ሲነካ አንጎል ውስጥ እንደ ኖርአድሬናሊን ያሉ ንጥረ ነገሮች ይለቀቃሉ። እነሱ ለአንጎል «አሁን የሰማኸውን ልብ በል፣ ያዘው» እንደማለት ናቸው። በጆሮ ቅርንጫፍ መነካቱ ራሱ ጆሮውን አይቀይረውም።

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ከዚህ ይመጣል፦ መሣሪያውን አድርጎ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ወይም ስልክ እየነካኩ ሰዓቱ እስኪያልቅ መጠበቅ። አንጎል «ያዘው» ሲባል የሚይዘው ነገር ከሌለ ምን ይይዛል? በ2011 በአይጦች ላይ የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። አይጦቹ በኃይለኛ ድምፅ ምክንያት ጆሯቸው የሚጮህባቸው ነበሩ። ነርቩ ሲነቃቃ በዚያው ቅጽበት ድምፅ የተሰማቸው ተሻላቸው። ማነቃቂያ ብቻ ወይም ድምፅ ብቻ ያገኙት ግን አልተሻላቸውም። በሰው ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስትሮክ እጃቸውን ላደከመባቸው ሰዎች ደረት ውስጥ የሚተከል የቬገስ ማነቃቂያ ፈቅዷል። የተፈቀደው ግን ከእጅ እንቅስቃሴ ሕክምና ጋር ነው። ሰውዬው ኩባያ ሲያነሳ ባለሙያው ቁልፉን ይጫናል፤ ንዝረቱና እንቅስቃሴው ይገናኛሉ። ለመስማትም መንገዱ ይኸው ነው፦ ሁካታ ውስጥ ቃል ለመያዝ እየታገላችሁ ሳለ ማነቃቃት። ማንም ሰው መሣሪያ ሲያቀርብላችሁ መጀመሪያ «የማዳመጥ ልምምዱ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ተዉት።

ኤሌክትሪኩን ከፍ ማድረግም አይጠቅምም። በእንስሳት ላይ መጠነኛው ጉልበት አንጎልን ሲቀይር፣ ከዚያ በላይ ሲሄድ ለውጡ ጠፍቷል። ካመማችሁ ከልክ አልፋችኋል።

አሁን የምለውን እባካችሁ በጥሞና ስሙኝ። ለጡንቻ ሕመም የተሠራ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ገዝቶ አንገት ላይ መለጠፍ አደገኛ ነው። አንገት ጎን ላይ የደም ግፊትን የሚቆጣጠር ቦታ አለ፤ እሱ ከተነካ የልብ ምት ሊቀንስና ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል የተተከለ መሣሪያ) ያለው፣ የልብ ምት መዛባት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ከጉዳቱ በኋላ ያንቀጠቀጠው ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞክረው። ቬገስን የሚያነቃቃው ሰውነት ውስጥ የሚተከል መሣሪያ በአሜሪካ ከ1997 ጀምሮ ለሚጥል በሽታ የተፈቀደ ቢሆንም፣ ያ በሐኪም እጅ የሚስተካከል ነው። ራስን በራስ ከመሞከር ጋር አይገናኝም።

ሌላው ጫጫታ ስለሚያስጨንቅ ቀኑን ሙሉ ጆሮን መድፈን ነው። ሰዎች ለሁለት ሳምንት ያህል ጆሯቸውን ደፍነው ሲቆዩ፣ ሲከፍቱት ዓለም ይበልጥ ጮሆባቸዋል። አንጎል የጎደለውን ድምፅ ለማካካስ ራሱን ከፍ ያደርጋልና። መሰርሰሪያ አጠገብ ድፈኑ፤ ሳሎን ውስጥ ግን አትድፈኑ።

የመጨረሻው፣ ምርምሩ እስኪያልቅ ብሎ ዛሬ በእጅ ያለውን መተው ነው። ተናጋሪው ደረቱ ላይ የሚሰካትና ድምፁን በቀጥታ ወደ ሰሚው ጆሮ የምታደርስ ማይክሮፎን አለች፤ ብዙ ሰው ታግዛለች። ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ተቀመጡ፤ ከኋላችሁ የሚመጣው ሁካታ ይቀንሳል። የተናጋሪው ፊት ላይ ብርሃን ይኑር። ቤተሰብ ደግሞ ከሌላ ክፍል አይጣራ። መጀመሪያ ስሙን ይጥራው፣ ዞር ሲል ጠብቆ ወሬውን ይጀምርለት።