መሐል ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ መድረክ አትንደፉ

በየዓመቱ አንድ ተማሪ ለቴአትር የነደፈውን መድረክ ትንሽ ሞዴል በሁለት እጁ ታቅፎ ይመጣል። ካርቶኑ በጥንቃቄ ተቆርጧል። ትንንሾቹ ወንበሮች ያምራሉ። «እንዴት ነው?» ይለኛል። ጎንበስ እልና በግራ በኩል፣ ዳር ላይ የተቀመጠ ተመልካች በሚያይበት ከፍታ አየዋለሁ። ግማሹ ትዕይንት ከግድግዳ ጀርባ ተደብቋል።

እንደዚህ የሚያበሳጨኝ ነገር የለም። ሰው ሲነድፍ ሞዴሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከላይ ቁልቁል ያየዋል። ከጣሪያ ላይ ሆኖ ቴአትር የሚያይ ማን አለ? ወይም ራሱን ከአዳራሹ መሐል፣ ምርጡ ወንበር ላይ ያስቀምጣል። ያቺ ወንበር አንዲት ናት። የቀረው ሰው የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። ሥራው እኮ የአሥር ደቂቃ ነው፦ የአዳራሹን ፕላን ዘርጉ፣ ከፊተኛው ረድፍ የግራና የቀኝ ዳር ወንበሮች ተነስታችሁ ወደ መድረኩ መስመር አስምሩ። መስመሩ ግድግዳችሁን አልፎ ከሄደ፣ እዚያ የተቀመጠው ሰው ተራውን የሚጠብቀውን ተዋናይ ስልኩን ሲነካካ ያየዋል። መስመሩ ግድግዳው ላይ ከቆመ ደግሞ፣ ከኋላው ያለውን ሁሉ ለዚያ ሰው አጥፍታችሁበታል። ይህን ሳታደርጉ ቀለም አትምረጡ። እባካችሁ።

ከፍታውንም እንዲሁ ፈትሹ። ይሄን የምለው ስለተቀጣሁበት ነው። ተማሪ እያለሁ መድረክ ላይ 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው በረንዳ ሠራሁ። ኮራሁበት። አዳራሹ ከኋላ ሰገነት ነበረው። ከሰገነቱ ሥር ያሉት የመጨረሻዎቹ ረድፎች ወደ ላይ የሚያዩት የሰገነቱን ሆድ ነው። ተዋናይቷ በረንዳው ላይ ወጥታ የፍቅር ኑዛዜዋን ስታሰማ፣ እነዚያ ሰዎች ያዩት እግሯን ብቻ ነበር። አዘጋጁ ምንም አላለኝም። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ሞዴላችሁ ውስጥ ሰው አስገቡ። በ1:25 ልኬት ከሠራችሁ፣ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ የካርቶን ሰው ማለት 1 ሜትር ከ75 የሆነ ተዋናይ ነው። ሰው የሌለበት ሞዴል ይዋሻል።

በሮችን በተመለከተ፣ የጎን ግድግዳ ላይ ያለ በር ማጠፊያው ከተመልካች በሚርቀው ጠርዝ ይሁን፤ ወደ መድረኩ ሳይሆን ወደ ውጭ ይከፈት። እንዲህ ሲሆን የሚገባውን ተዋናይ አይጋርድም፣ የተከፈተው በር ራሱም ከጀርባ ያለውን ትርምስ ይሸፍናል። ደግሞ ሰው ተናዶ በሩን ሲያላትመው ቤቱ በሙሉ ከተንቀጠቀጠ ተመልካች ይስቃል። የበሩን ፍሬም በግራና በቀኝ ከኋላ ደግፉት። የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ወለሉን በስታችሁ እንድታስሩ አይፈቅድላችሁ ይሆናል፤ ድጋፉ ላይ የአሸዋ ከረጢት ጫኑበት።

ደረጃ ሲሠራ ሁሉም እርከን እኩል ይሁን። አንዱ በ2 ሴንቲ ሜትር ከተለየ፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰችው ልጅ የምትወድቀው እዚያ ላይ ነው። ልምምዱ የሚካሄደው ሌላ ክፍል ውስጥ ከሆነ፣ የግድግዳዎቹን መስመር ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ወለሉ ላይ በፕላስተር አሳዩ። ፕላስተር ግን ከፍታ አያሳይም። ደረጃና ከፍ ያለ ወለል ካላችሁ ቀድማችሁ ሠርታችሁ ተዋንያኑ ይለማመዱበት፤ በጫማቸው። ሆዱ ባዶ የሆነ የኮምፔልሳቶ ወለል እንደ ከበሮ ይጮኻል። አሮጌ ምንጣፍ ስታነጥፉበት ዝም ይላል።

ቀለምን በቀን ብርሃን የሚመርጥ ሰው የመክፈቻው ምሽት ላይ ያለቅሳል። ቀይ ግድግዳ ሰማያዊ መብራት ሲያርፍበት ይጠቁራል። ነጭ ግድግዳ ደግሞ ብርሃኑን መልሶ ይረጫል፣ የተመልካችን ዓይን ከተዋናዩ ፊት ይሰርቃል። የተቀባ ቁራጭ ይዛችሁ የመብራት ባለሙያው ጋ ሂዱ። መስታወት ካለ ደረቅ ሳሙና ቀቡት፣ ነጸብራቁ ይቀንሳል።

የአደጋ ጊዜ መውጫን አትዝጉ። ፎም በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ከትኩስ መብራት አርቁት።

የትዕይንት ለውጥ ሞዴሉ ላይ በሁለት ጣት ይከናወናል። እውነተኛው ቁም ሣጥን ግን በጨለማ በሁለት ሰው ይገፋል። ስድስት ለውጥ ካላችሁና እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ከፈጀ፣ ተመልካች ስድስት ደቂቃ ጨለማ አየ ማለት ነው። በሰዓት ለኩት፣ ከዚያ ግማሹን ሰርዙ።

ሌላው የሰው ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሃያ ተማሪ ልሥራ ብሎ እጁን ያወጣል። ፈተና ሲደርስ ሦስት ይቀራል። አልወቅሳቸውም፣ እኔም ጠፍቼ አውቃለሁ። ግን ለሦስቱ ንደፉ።

የመጨረሻው ትርዒት እንዳለቀ ሁሉም ነገር መነሳት አለበት፤ በማግሥቱ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ትምህርት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በሚስማር አትምቱ፣ በብሎን እሰሩ። ያንን በረንዳ የመታሁት በሚስማር ነበር። ስንነቅል ነጋብን። የጠዋቱ የሁለት ሰዓት ክፍል ተማሪዎች እስኪመጡ ወለሉ ላይ በአራት እግሬ እየሄድኩ ሚስማር እለቅም ነበር።