ሊደሩ አልረጋ ሲል፦ ለዲስትሪቢዩትድ ሲስተምስ ተማሪ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ላይ ማስተርስ እየተማራችሁ የዲስትሪቢዩትድ ሲስተምስን (እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ ብዙ ማሽኖችን) ኮርስ ከያዛችሁ የሚያስቸግሯችሁ ነገሮች በአብዛኛው የታወቁ ናቸው። ብርዱን አልቆጠርኩም፣ እሱ ኮርስ አይመርጥም።

ምልክት፦ ፔፐሩን (የምርምር ጽሑፉን) ደጋግማችሁ አንብባችሁ ጠብ የሚል ነገር የለም።

ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ስለምታነቡት ነው። መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ሲስተሙ የሚቋቋመው ምን ዓይነት ብልሽት ነው? ማሽኑ ዝም ብሎ የሚሞት ብቻ ከሆነ አንድ ብልሽት ለመቻል 3 ማሽን ይበቃል። የሚዋሽም ካለ በተለመደው ሞዴል 4 ያስፈልጋል። ከዚያ ወረቀት አውጡና ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ መስመር፣ ለእያንዳንዱ መልእክት አንድ ቀስት ሳሉ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ላምፖርት በፈረንጆቹ 1978 ስለ ጊዜ ቅደም ተከተል የጻፈውም በእንዲህ ዓይነት ሥዕል ነው የሚገባው። ማሽኖችን ከሚያስማሙት አልጎሪዝሞች ፓክሶስን ለጊዜው ተዉት፤ በፈረንጆቹ 2014 የወጣው ራፍት ለመረዳት እንዲቀል ታስቦ የተሠራ ነው።

ምልክት፦ ራፍት ስትሠሩ ምንም ሳይበላሽ ምርጫ በምርጫ ላይ ይሆናል።

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፣ ብዙ ሰው ሌሊቱን የሚፈጀው እዚህ ነው። ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ከሚያልፍ ሰው ጋር ስልክ እያወራችሁ ድምፁ ቢጠፋ፣ ዘጋብኝ ይሁን ኔትወርክ ጠፍቶበት ከዚህ ማዶ ሆናችሁ አታውቁም። ፎሎወርም (የተመረጠውን መሪ ማሽን፣ ሊደሩን፣ የሚከተለው) እንደዚያው ነው፤ የሊደሩን «አለሁ» ጠብቆ ጠብቆ ሲያጣ ራሱን ለምርጫ ያቀርባል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠብቀውን ጊዜ እዩ። የራፍት ፔፐር ከ150 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ባለው ውስጥ በዕጣ አውጡ ይላል። የአሜሪካውን ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲን የራፍት ላብ (የፕሮግራም መልመጃ) የምትሠሩ ከሆነ ግን እዚያ ሊደሩ «አለሁ» የሚለው በሰከንድ ከ10 ጊዜ ብዙ እንዳይበልጥ ስለተገደበ ቁጥሩን ሰፋ አድርጉት። ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ከያዙ እኩል ይነሳሉ፣ ድምፅ ይከፋፈላል፣ ማንም አያሸንፍም።

የዚህ ጥበቃ ጊዜ ቆጣሪ የሚታደሰው ከወቅቱ ሊደር መልእክት ሲመጣ፣ ለእጩ ድምፅ ስትሰጡ ወይም ራሳችሁ ምርጫ ስትጀምሩ ብቻ ነው። ድምፅ በተጠየቃችሁ ቁጥር ካደሳችሁት ሎጉ (የተቀበላቸው ትእዛዞች ዝርዝር) ወደ ኋላ የቀረ ማሽን ብቁዎቹን ሲያግድ ይውላል።

አሁንም ካልረጋ ሎክ (ሌላው የፕሮግራሙ ክፍል ዳታውን እንዳይነካ የሚያግድ ቁልፍ) ይዛችሁ መልስ የምትጠብቁበት ቦታ አለ ማለት ነው። አንዱ ማሽን መልስ እስኪሰጥ ሊደራችሁ ለሌሎቹ «አለሁ» ማለት አይችልም፣ እነሱ ደግሞ ሞቷል ብለው ሌላ ይመርጣሉ። ከመላካችሁ በፊት ልቀቁት። መልሱ ሲመጣ መልሳችሁ ያዙና ተርሙ (የምርጫ ዘመኑ ቁጥር) ስትልኩ የነበረው መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ መልሱን ጣሉት።

ምልክት፦ ቴስቱ ያልፋል፣ ያልፋል፣ ድንገት ይወድቃል።

«ዕድል ነው» ብላችሁ አትለፉት። ላቡ የሚጻፍበትን የጎ ቋንቋ ሬስ ዲቴክተር (ሁለት የፕሮግራም ክፍሎች በአንድ ዳታ ሲሻሙ የሚያጋልጠውን) አብሩና ደጋግማችሁ አሂዱ። ላቡ ኔትወርኩን እዚያው ላፕቶፑ ላይ ስለሚያስመስል ኢንተርኔት ቢቋረጥ ችግር የለም፣ የጎ ቋንቋን ብቻ ቀድማችሁ አውርዱ። በምታትሙት መስመር ሁሉ ላይ የማሽኑ ቁጥርና ተርሙ ይኑር፤ ያለ እነሱ የምታትሙት ሁሉ ቆሻሻ ነው።

ምልክት፦ የጸደቀ ዳታ ሊደር ሲቀየር ጠፋ።

ሁለት ቦታ ፈትሹ። ተርም፣ ድምፅና ሎግ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ዲስክ ላይ መጻፍ አለባቸው። ሊደሩም አብዛኛው ማሽን ይዞታል ብሎ ቆጥሮ ማጽደቅ የሚችለው የራሱን ተርም ሎግ ብቻ ነው፤ የድሮው ከእሱ ጋር ተያይዞ ይጸድቃል።

ምልክት፦ አማካሪያችሁ ስለ ካፕ (ወጥነት፣ ተደራሽነትና የኔትወርክ መቆራረጥን መቋቋም ሦስቱ አብረው አይገኙም ስለሚለው ሕግ) ሲጠይቋችሁ «ከ3 ሁለት መምረጥ» ትላላችሁ፣ ተከታዩ ጥያቄ ላይ ትደርቃላችሁ።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ይሞታል፣ ላፕቶፖቹ ግን በባትሪ ይሠራሉ። ሁሉም አሉ፣ እርስ በርስ ግን አይገናኙም። ይህን መቆራረጥ ማንም አልመረጠውም። የምትመርጡት ከዚያ በኋላ ነው፦ ጥያቄ ሲመጣ ዝም ማለት፣ ወይም ያረጀ ሊሆን የሚችል መልስ መስጠት።

«በፈረንጆቹ 1985 ተመራማሪዎቹ ፊሸር፣ ሊንችና ፓተርሰን ስምምነት አይቻልም ካሉ ራፍት እንዴት ይሠራል?» ለሚለው ደግሞ፦ እነሱ ያሉት የጊዜ ገደብ በሌለው ኔትወርክ ላይ አንድ ማሽን እንኳ ሊሞት የሚችል ከሆነ፣ ዕጣ የማይጠቀም አልጎሪዝም ሁልጊዜ ስምምነት ላይ እንደሚደርስ ዋስትና የለም ነው። ራፍት የተሳሳተ ነገር አያጸድቅም። ኔትወርኩ በጣም ሲዘገይ ግን ሊደር ሳይመርጥ ሊቆይ ይችላል።