የተወርዋሪ ኮከብ ፎቶ ሲደበዝዝ

የታኅሣሡን የጀሚኒድ ተወርዋሪ ከዋክብት ከሐረር ስናነሳ ኮከቡ ሁሉ ደብዝዞና አብጦ ይወጣ ነበር። ችግሩ ፎከሱ (ምስሉን ጥርት የሚያደርገው የሌንስ ማስተካከያ) ላይ ነው፦ ብዙ ሌንስ የመጨረሻውን ርቀት ምልክት አልፎም ይዞራል፤ ካሜራው ራሱ የሚያስተካክለው አውቶ ፎከስ ደግሞ በጨለማ የሚይዘው ያጣል። ማኑዋል (በእጅ ማስተካከያ) ላይ አድርጎ የሌሊቱን ደማቅ ኮከብ ሲሪየስን በስክሪኑ 10 እጥፍ ማጉላት፣ ኮከቧ የመርፌ ጫፍ እስክታክል ቀለበቱን በቀስታ ማዞር፣ ከዚያ በፕላስተር ማሰር። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ፎከሱ ሊሸሽ ስለሚችል በየሰዓቱ ይታይ።

ለ24 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 2.8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይ ኤስ ኦ 3200 (ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ 15 ሰከንድ ይበቃል። የረጅም ኤክስፖዠር ኖይዝ መቀነሻው (ረጅም ጊዜ በተነሳ ፎቶ ላይ የሚታዩ ነጠብጣቦችን የሚያጠፋው የካሜራው ቅንብር) ግን የግድ ይዘጋ! ክፍት ከሆነ ካሜራው ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ሌላ 15 ሰከንድ ስለሚይዝ ግማሹ ሌሊት ሳይነሳ ያልፋል። የከተማው መብራት እንዳይገባ ሐኪም ከሚባለው ተራራ ጀርባ ሆኖ ወደ ደቡብ መዞር ነው፤ ምርጡ ጊዜ ከሌሊቱ 7 እስከ 10 ሰዓት።