አየሩ ወጣ ብለህ እጅህን አትስደድ

አባይ በረሃን አቋርጦ ደጀን የወጣ ከባድ መኪና ጋራዥ ሲገባ፣ ከሹፌሩ ሰላምታ በፊት የሚቀበልህ የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ነው። ሹፌሩ ይቸኩላል፣ ሳይመሽ ማርቆስ መድረስ አለበት። ይቸኩል። የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው፣ ሲጠግኑት ችኮላ አይወድም። ታምቡሩ፣ ማለትም ሸራው የሚፋተግበት ከጎማው ጋር የሚዞር ብረት፣ እስኪበርድ ሻይህን ጠጣ።

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁምና ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዝ። ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ክተት። ምክንያቱም አንተ መኪናው ሥር ተኝተህ ረዳቱ «ትንሽ አየር ልሙላ» ብሎ ሞተር ሊያስነሳ ይችላል፣ ክፋት ኖሮት አይደለም፣ ሥር መሆንህን አላወቀም እንጂ። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥርማ ጭራሽ አትግባ።

አሁን ወደ ዋናው። ብዙ ሰው አየሩን ካስወጣ በኋላ አደጋው ያለቀ ይመስለዋል። አየሩ ለሚጠራቀምበት ታንከርና ለቱቦው ልክ ነው። የእጅ ፍሬኑን የሚይዘው የኋላ ቻምበር፣ ማለትም ፍሬኑን የሚገፋው ክብ የብረት ቤት፣ ግን የተገላቢጦሽ ነው የሚሠራው። ውስጡ ከባድ ሞላ አለ፣ ሞላውን ጨምቆ የያዘው ደግሞ አየሩ ነው። አየሩ ሲወጣ ሞላው ይለቀቅና ፍሬኑን ይይዛል። ተለቀቀ ማለት ግን ጉልበቱ አለቀ ማለት አይደለም፤ አሁንም በመቶዎች ኪሎ የሚቆጠር ኃይል ይዞ ታፍኖ ነው ያለው። ስለዚህ በሞላው በኩል ክዳኑን የያዘውን ቀለበት በፍጹም አትፍታ። ክዳኑ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። የተበላሸ ከሆነ ቻምበሩን እንዳለ ቀይረው።

ለመቀየርም ሞላውን መጀመሪያ እሰረው። አብዛኛውን ጊዜ ቻምበሩ ጎን ላይ ረጅም ቡሎን ተሰክቶ ታገኛለህ። የኋላውን ላስቲክ ክዳን አንሳ፣ ቡሎኑን አስገባ፣ ሩብ ዙር አዙረህ መያዙን አረጋግጥ፣ ከዚያ ዳዶውን አጥብቅ። ፊትህን ከቻምበሩ ኋላ አርቅ። ቡሎኑ አልይዝ ካለ ውስጡ ተሰብሯል ማለት ነው፣ አትታገለው፣ ልምድ ያለው ሰው ጥራ። ደግሞ ሞላው የታሰረበት ጎማ የእጅ ፍሬን የለውም፣ ታኮው ለዚህም ነው።

ቱቦ ከመፍታትህ በፊት የሁሉንም ታንከር ማውጫ ክፈት። አንዱ ጌጅ ዜሮ አለ ማለት ሌላው ባዶ ነው ማለት አይደለም። እኔ አንዴ ይህንን ረስቼ የፈታሁት ቱቦ ጉንጬን እንደ ጅራፍ ገርፎኝ ሰንብቻለሁ፤ ዓይኔ የተረፈው በዕድል ነው። መነጽር አድርግ። ታንከሩን ሹፌሩም ማታ ማታ ያስወጣው፣ በተለይ በክረምት፣ ውሃ ይጠራቀማል።

የሸራ ብናኝ በአየር አትንፋ፣ የድሮ ሸራ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ልብስህንም በኮምፕረሰር አታራግፍ፤ አየሩ በቁስል በኩል ቆዳ ሥር ይገባል።

ሲያልቅ አየሩን ወደ 8 ባር ሙላ፣ ሞተር አጥፋ፣ መጋጠሚያዎቹን ሳሙና ውሃ ቀባ። አረፋ ካወጣ ያፈሳል። ያንን ረጅም ቡሎን ደግሞ ፈትተህ ወደ ጎኑ መልሰው፣ ታኮውን ከማንሳትህ በፊት።