ስፒከር ሳይሰካ አምፕ አይበራም፦ በድሮ የቲዩብ ጊታር አምፖች ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

አንድ ወዳጄ የ1960ዎቹን ፌንደር አምፕሊፋየር ተሸክሞ መጣ። «ትናንት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ጭጭ አለ» አለኝ። ቲዩቦቹ (ድምፁን የሚያጎሉት የመስታወት አምፖሎች) ይበራሉ። ፊውዙ ደህና ነው። ከኋላ ዞሬ ሳይ የስፒከሩ ገመድ ዋናው ጃክ ላይ ሳይሆን አጠገቡ ባለው የተጨማሪ ስፒከር ጃክ ላይ ተሰክቷል። ነቅዬ ወደ ዋናው አዛወርኩት። ድምፁ ተመለሰ።

በእነዚያ ፌንደሮች ዋና ጃክ ውስጥ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ጃኩ ባዶ ሲሆን ምላሷ የውጤቱን ሁለት ጫፎች ታገናኛለች፤ ሾርት ታደርጋቸዋለች። ስለዚህ ሁለተኛው ጃክ ላይ ብቻ ስትሰኩ ድምፁ በምላሷ በኩል አልፎ ይጠፋል። አንዳንዱ ይህን ብልሽት ይመስለውና ምላሷን ቆርጦ ይጥላታል። በጣም ከማዝንባቸው «ማሻሻያዎች» አንዱ ይሄ ነው። ምላሷ እዚያ የተቀመጠችው አምፑን ለማዳን ነው። ከምን? ከመጀመሪያው ስህተት።

ያለ ስፒከር መጫወት

ትራንዚስተር አምፕ የለመደ ሰው የሚፈራው ሾርትን ነው። ለትራንዚስተር ልክ ነው። ቲዩብ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ለአጭር ጊዜ ሾርት ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። ያለ ስፒከር ሆኖ ጊታር ሲመታበት ግን አይችልም።

የአውትፑት ትራንስፎርመሩ ሥራ ከቲዩቦቹ የሚመጣውን ከፍተኛ ቮልት ስፒከሩ ወደሚፈልገው ዝቅተኛ ቮልትና ብዙ ከረንት መለወጥ ነው። ስፒከር ከሌለ ያ ጉልበት መውጫ ያጣል። ወደ ቲዩቦቹ በኩል ይመለስና ቮልቱ በሺህ ወደሚቆጠር ይወጣል። ያኔ ወይ የትራንስፎርመሩን የሽቦ ሽፋን ይበሳል፣ ወይ የቲዩቡ ሶኬት ላይ ብልጭ ይላል።

6ኤል6 ወይም ኢኤል34 ቲዩብ ያለው አምፕ ስከፍት መጀመሪያ የማየው የሶኬቱን 2ኛና 3ኛ እግር መካከል ነው። 3ኛው ከፍተኛውን ቮልት ይሸከማል፤ 2ኛው የቲዩቡ ማሞቂያ ነው። ብልጭታ ካለፈበት በሁለቱ መካከል እንደ እርሳስ ጭረት ያለ ቀጭን ጥቁር መስመር ታያላችሁ። ያ ከሰል ነው፤ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ፍቆ ማጽዳት አይበቃም። ሶኬቱ ይቀየር።

በጊታር ኬብል ስፒከር ማገናኘት

ጫፋቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጊታር ኬብል ውስጡ ፀጉር የሚያህል ሽቦና በዙሪያው የተሸመነ መከለያ ነው። የተሠራው በጣም ደካማ ለሆነው የጊታር ሲግናል ነው። 50 ዋት ወደ 8 ኦም ስፒከር (ኦም ስፒከሩ ከረንትን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው) ሲሄድ ግን 2.5 አምፔር ያልፋል። ቀጭኑ ሽቦ ይግላል፣ አንድ ቀን ዘፈን መሃል ይበጠሳል። ከተበጠሰ ደግሞ ያለ ስፒከር እየተጫወታችሁ ነው። ወፈር ያለ ባለ ሁለት ሽቦ የስፒከር ገመድ ግዙ። ሌላ ምክር የለኝም።

የኦም ስሌት

በድሮ አምፕ ላይ ስፒከር ከመቀየራችሁ በፊት አምፑ የተሠራበትን ኦም እወቁ። ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ አንድ ባለ 8 ኦም ስፒከር አለው። ትዊን ሪቨርብ ሁለት ባለ 8 ኦም ጎን ለጎን (በፓራለል) የተገናኙ፣ በድምሩ 4 ኦም። ሱፐር ሪቨርብ በዚሁ መንገድ የተገናኙ አራት ባለ 8 ኦም፣ በድምሩ 2 ኦም። እና አንድ ሰው «ስምንት ኦም ያው ስምንት ኦም ነው» ብሎ ሱፐር ሪቨርብን ወደ አንድ ባለ 8 ኦም ሳጥን ቢያገናኘው፣ ከታሰበለት ኦም አራት እጥፍ ሰጠው ማለት ነው። እጥፍ ወይም ግማሽ ልዩነትን ብዙዎቹ የድሮ ፌንደሮች ይችሉታል። ከዚያ ሲያልፍ እኔ አልደፍርም።

ብዙ የማርሻል አምፖች ከኋላ 4፣ 8 እና 16 የሚል የኦም መምረጫ አላቸው። ሳጥኑን ስትቀይሩ እሱንም ማዞር አትርሱ። ደግሞ በቴስተር ለክታችሁ 6.4 ብታገኙ «ባለ 6 ኦም ነው» አትበሉ። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ ዝቅ ብሎ ነው የሚያሳየው።

ፕላስና ማይነስ ማዛባት

ሁለት ስፒከሮች ካሉና አንዱ ተገልብጦ ከተበየደ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ቤዙ ይጠፋል፣ ድምፁ ይከሳል። አምፑን አጥፍታችሁ፣ ስፒከሩን ከመስመሩ አላቅቃችሁ፣ በ1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ሞክሩት። ፕላሱ ከቀዩ ጋር ሲነካ ኮኑ (የሚንቀጠቀጠው የስፒከሩ ወረቀት) ወደ ፊት መውጣት አለበት። የድሮ ጄቢኤል ስፒከሮች ግን በተቃራኒው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ከሌላ ብራንድ ጋር ከቀላቀላችሁ ይህን አስቡበት።

የፊድባኩን መስመር መርሳት

እዚህ ላይ ጎበዝ ቴክኒሻንም ይያዛል። ብዙ የድሮ አምፖች ከስፒከር ጃኩ ትንሽ ሲግናል ቀንሰው ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ ፊድባክ የሚባለው ይህ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ፌንደሮች ላይ በ820 ኦም ሬዚስተር በኩል የሚያልፈው ሽቦ እሱ ነው። ሥራው ድምፁን ማረጋጋት ነው። አዲስ አውትፑት ትራንስፎርመር ገብቶ አምፑ ገና ሲሞቅ እንደ ፊሽካ ከጮኸ፣ ትራንስፎርመሩን አትሳደቡ። የሚመለሰው ሲግናል ተገልብጧል። ወደ ቲዩቦቹ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ቦታ ማቀያየር ይበቃል።

በብረቱ ጃክ ፋንታ የፕላስቲክ ጃክ ሲገባም ችግር ይመጣል። የድሮው ጃክ ሻሲውን (የአምፑን የብረት አካል) ስለሚነካ የትራንስፎርመሩን አንድ ጫፍ ግራውንድ ያደርገዋል። ፕላስቲኩ ይህን አያደርግም። ግራውንዱን በሌላ ሽቦ ካልመለሳችሁት ፊድባኩ መሠረት ያጣል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እጃችሁን ጠብቁ። ትዊን ሪቨርብ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ አለ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) ይይዙታል። አራግፋችሁ፣ በቴስተር ዜሮ መሆኑን አይታችሁ ብቻ ንኩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ብዙ አምፖች ላይ ደግሞ ስፒከሩ ራሱ አደገኛ ነው። በማግኔት ፋንታ ጥቅል ሽቦ አለው፤ በዚያ ላይ የአምፑ ከፍተኛ ቮልት ያልፋል። ያ ጥቅል ለኃይል መስመሩም ማጣሪያ ነው። ነቅሎ ዘመናዊ ስፒከር መግጠም የኃይል መስመሩን ማበላሸት ነው።

የወጣውን ዕቃ መጣል

የድሮ ትራንስፎርመርና ስፒከር ላይ የታተመ ቁጥር አለ። መጀመሪያ ያለው የአምራቹ ነው፦ 606 ሹማከር፣ 220 ጄንሰን፣ 465 ኦክስፎርድ ነው። ቀጥሎ ያለው ዓመቱንና ሳምንቱን ይናገራል። አምፑ መቼ እንደተሠራ የሚመሰክረው እሱ ነው። የተቃጠለም ቢሆን አልጥልም። በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከየት እንደወጣና የትኛው ሽቦ የት እንደነበር በወረቀት ጽፌ፣ ከሳጥኑ ወለል ላይ አስሬ ለባለቤቱ እመልስለታለሁ።