ካታሊቲኩን ላስቆርጥ ስል ጥፋቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ

የመኪናዬ ቼክ ኢንጅን መብራት በራ፣ ኮዱ ፒ0420፣ ካታሊቲኩ (የጭስ ማጣሪያው) በደንብ አያጣራም የሚል። እዚሁ ባህር ዳር ያሳየሁት መካኒክ «ካታሊቲኩን ቆርጠን ባዶ ቱቦ እንበይድበት፣ ትቀልልሃለች» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ልስማማ ነበር። ግን ከወጣ የኋላው ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) ያልተጣራ ጭስ ስለሚያነብ መብራቱ ጭራሽ አይጠፋም፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱንም የሚምገው ከኋላዬ የቆመው የባጃጅ ተሳፋሪ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩን ቀዝቃዛ እያለ አስነስቼ ከስር አጎነበስኩ። ከካታሊቲኩ በፊት ያለው መገጣጠሚያ ዙሪያውን ጥቀርሻ ለብሷል፣ እጄን ጠጋ ሳደርግ ትስ ትስ ይላል። ለካ በዚያች ቀዳዳ አየር እየገባ ሴንሰሩን ሲያሳስተው ነበር! ጋስኬቱን (የመገጣጠሚያውን ማሸጊያ) እና ሁለት የዛጉ ቡሎኖችን ቀይሬ ኮዱን አጠፋሁ። ዘጌ ደርሼ ተመለስኩ፣ እስካሁን አልበራም።